ከቅጂ ወደ ዳግም ጽሕፈት፦ በኅብረት በሚጻፉ የድረ ገጽ መጣጥፎች የቅጂ መብት ጥሰትን የማረም ሥርዓት፣ በጣና ዳርቻ ጽሑፎች ማሳያነት

አጠቃሎ

በብዙ በጎ ፈቃደኞች ኅብረት በሚጻፉ የድረ ገጽ መጣጥፎች ላይ ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ጽሑፍ ሲገኝ ምን ሊደረግ እንደሚገባ ይህ ጽሑፍ ይመረምራል። ማሳያ የተደረጉት ስለ ጣና ሐይቅ፣ ስለ ገዳማቱና ስለ አካባቢው ደራስያን ለአማርኛ ውክፔዲያ ሊጻፉ የሚችሉ መጣጥፎችና ምንጭ የሚሆኗቸው መጻሕፍት ናቸው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ፣ የተገለበጠ ጽሑፍ ሳይታረም በቆየ ቁጥር የሚጎዳው ባለመብቱ ብቻ ሳይሆን በዚያው ጽሑፍ ላይ በቅንነት የጨመሩት ኋለኞቹ ጸሐፊዎችም መሆናቸው ነው። ስለዚህ ማረሚያው በመደምሰስ የሚያበቃ ሳይሆን ማጣራትን፣ መሸፈንን፣ ማሳወቅንና እንደ አዲስ መጻፍን በቅደም ተከተል የያዘ ሊሆን ይገባል።

ቁልፍ ቃላት፦ የቅጂ መብት፣ የኅብረት ጽሕፈት፣ አማርኛ ውክፔዲያ፣ ጣና ሐይቅ፣ ዳግም ጽሕፈት

1. መግቢያ

በጣና ገዳማት መጽሐፍ መገልበጥ ነውር አልነበረም፤ ትሩፋት እንጂ። ቁም ጸሐፊው ብራናውን አዘጋጅቶ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብርዑን ቀርጾ ከቀደመው ቅጂ ፊደል በፊደል ሲገለብጥ መጽሐፉን ከምስጥ፣ ከእሳትና ከእርጥበት ያድነው ነበር። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ ተጽፎ የሚገኘው የግዝት ቃልም የሚያወግዘው መጽሐፉን የሚሰርቀውንና ጽሑፉን የሚፍቀውን እንጂ የሚገለብጠውን አይደለም። የተጠበቀው ግዙፉ መጽሐፍ ነው፤ ቃሉ ግን በተባዛ ቁጥር እንደ በረከት ይቆጠር ነበር።

ይሁን እንጂ መገልበጥ መፈቀዱ የባለሥራው ስም ይረሳ ማለት አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. የታተመው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ጥሩ ምስክር ነው። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ቀጠሉት፤ ለኅትመት ያበቁት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። መጽሐፉ ግን ለኅትመት ባበቁት በደቀ መዝሙሩ ስም ሳይሆን በመምህሩ ስም ወጣ። ሥራው የኅብረት ሥራ ነው፤ ስሙ ግን በኅብረቱ ውስጥ አልጠፋም።

ዛሬ በባሕር ዳር አንድ ተማሪ ስለ አንድ ገዳም መጣጥፍ ለመጻፍ ውክፔዲያን ሲከፍት እነዚህ ሁለት ልማዶች አብረውት ይመጣሉ። ከታተመ መጽሐፍ ሦስት ገጽ ቀድቶ ሲለጥፍ ዕውቀት ያካፈለ እንጂ የሰው ሀብት የወሰደ አይመስለውም። ስለዚህ የጥሰቱን ማረሚያ ከመንደፍ በፊት ጥሰቱ ከየት እንደሚመነጭ መረዳት ያስፈልጋል፤ በቅን ልብ የተሠራን ስሕተት እንደ ሌብነት የሚያይ ሥርዓት ጸሐፊውን ያርቀዋል እንጂ አያርመውም።

2. ሕጉ የሚጠብቀውና የማይጠብቀው

በኢትዮጵያ የድርሰት ባለቤትነት በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ተደንግጎ ነበር። ከዚያ በኋላ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007ም ተሻሻለ። በአዋጁ መሠረት የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሥራውን ማባዛት፣ መተርጐምና ለሕዝብ ማሠራጨት የባለመብቱን ፈቃድ ይሻል። ከዚህ ጎን ለጎን ስሙ እንዲጠቀስለትና ሥራው እንዳይዛባበት የመጠየቅ የሞራል መብት አለው።

አዋጁ ሐሳብን፣ መርሕን፣ ግኝትንና ተራ መረጃን አይጠብቅም፤ የሕግና የአስተዳደር ይፋዊ ጽሑፎችም ከጥበቃው ውጭ ናቸው። ከታተመ ሥራ በመጠኑና ለዓላማው በሚያስፈልገው ልክ፣ ምንጩንና ደራሲውን ጠቅሶ መጥቀስም ይፈቀዳል። ስለዚህ የጣና ሐይቅ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ መግባቱ የማንም ሀብት አይደለም። እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ በ2004 ዓ.ም. መታየቱም እንዲሁ ነው። አንድ ተመራማሪ ይህንኑ የገለጸበት አንቀጽ ግን፣ የቃላቱ ምርጫና የሐሳቡ አሰላለፍ፣ የተመራማሪው ነው።

ነጻ የሆነው የውክፔዲያ ፈቃድ ችግሩን የሚያቀል ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ያከብደዋል። ጸሐፊው ጽሑፉን ሲያስቀምጥ በክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ይለቀዋል። ይህም ማለት ስም እስከተጠቀሰና ተከታዩ ሥራ በዚያው ፈቃድ እስከተለቀቀ ድረስ ማንም ጽሑፉን እንዲያባዛ፣ እንዲለውጥ፣ አሳትሞም እንዲሸጥ መፍቀድ ነው። የሌላውን ጽሑፍ የለጠፈ ሰው እንግዲህ የራሱ ያልሆነውን ለዓለም ሁሉ መርቋል። ሰው የሌለውን አይሰጥም፤ የተሰጠ የመሰለው ፈቃድ ከመጀመሪያውም ባዶ ነው።

3. የጣና ምንጮችና የመብታቸው ዕድሜ

ስለ ጣና የሚጽፍ ሰው በእጁ የሚገቡት መጻሕፍት በመብት ዕድሜያቸው እኩል አይደሉም። አራት ምሳሌዎችን እንውሰድ።

ጄምስ ብሩስ ስለ ዓባይ ምንጭና ስለ ጣና አካባቢ የጻፈው የጉዞ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1790 ታትሟል፤ በየትኛውም አገር ሕግ ነጻ ነው። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1936 ወጣ፤ ደራሲውም እ.ኤ.አ. በ1962 ሞተ። በእኛ አዋጅ የ50 ዓመት ልክ ቢሰላ ዘመኑ እ.ኤ.አ. በ2012 አልፏል። በእንግሊዝ ግን ጥበቃው ከሞት በኋላ 70 ዓመት ስለሆነ እስከ 2032 ፍጻሜ ይዘልቃል። በአሜሪካ ሕግ ከታተመ 95 ዓመት እስኪሞላው፣ ማለትም እስከ 2031 ፍጻሜ፣ ይጠበቃል።

ሦስተኛው ኤርንስት ሐመርሽሚት በጀርመንኛ ያዘጋጀው የጣና የብራና መጻሕፍት ዝርዝር ነው፤ የክብራን ገብርኤልን መጻሕፍት የሚገልጸው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። እዚህ ላይ ጀማሪ ጸሐፊ በቀላሉ ይሳሳታል። የብራና መጻሕፍቱ የጥንት ስለሆኑ በጽሑፋቸው ላይ የቅጂ መብት የለም፤ ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሊቅ መጻሕፍቱን የገለጸበት ሐተታ ግን ገና የተጠበቀ ነው። አንድ መጽሐፍ ስንት ቅጠል እንዳለው ወይም በየትኛው ዘመን እንደተጻፈ መግለጽ ይቻላል፤ የሐመርሽሚትን ሐተታ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መልሶ መለጠፍ ግን ያለ ፈቃድ መተርጐም ነው። ቋንቋው መለወጡ መብቱን አያጠፋውም።

አራተኛው የአገራችን ደራሲ ነው። ከጣና ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በአቸፈር የተወለዱት አቤ ጉበኛ እ.ኤ.አ. በ1980 አረፉ፤ በአዋጁ መሠረት የመጻሕፍታቸው መብት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 የወራሾቻቸው ነው። የሕይወት ታሪካቸውን መጻፍ ነጻ ነው፤ የልብ ወለዳቸውን ምዕራፍ ገልብጦ መለጠፍ ግን አይደለም።

«ሰርቨሩ አሜሪካ ነው፤ የእኛ ሕግ እዚያ አይደርስም» የሚል ክርክር ይሰማል። ኢትዮጵያ አዋጁን ባወጣች ጊዜ የበርን ስምምነት አባል አለመሆኗም ለዚህ ክርክር እንደ ድጋፍ ይቀርባል። ነገር ግን ባሕር ዳር ተቀምጦ የባሕር ዳርን ደራሲ መጽሐፍ የሚለጥፍ ሰው በኢትዮጵያ ሕግ ሥር ነው፤ ጽሑፉ የሚቀመጥበት ድርጅት ደግሞ ለአሜሪካ ሕግ ይገዛል። ስለዚህ የሚበጀው መመሪያ ከሁለቱ የጠበቀውን መከተል ነው። አንዱ ሕግ የከፈተውን በር ሌላው ከዘጋው፣ በሩ እንደ ተዘጋ ይቆጠር።

4. ጥሰቱን ለይቶ ማወቅ

በእንግሊዝኛ የተገለበጠን ጽሑፍ የሚፈልጉ ሶፍትዌሮች አሉ፤ መጣጥፉን በኢንተርኔት ካሉ ጽሑፎች ጋር አስተያይተው የሚመሳሰለውን ያሳያሉ። ለአማርኛ ግን በሁለት ምክንያት ይደክማሉ። የመጀመሪያው የምንጮቹ ብዙ ክፍል በወረቀት ብቻ መኖሩ ነው። በኢንተርኔት የሌለን መጽሐፍ ሶፍትዌር አያገኘውም፤ ያነበበው ሰው ግን ወዲያው ያውቀዋል። ሁለተኛው የፊደላችን ጠባይ ነው። «ሐይቅ»፣ «ሀይቅ» እና «ኃይቅ» ለአንባቢ አንድ ቃል፣ ለኮምፒውተር ሦስት ቃላት ናቸው። «ዓባይ» እና «አባይ»፣ «ሥዕል» እና «ስዕል» እንዲሁ ናቸው። ገልባጩ አስቦ ባይሆንም በራሱ የአጻጻፍ ልማድ ሲተይብ ሶፍትዌሩን ያሳስተዋል። ስለዚህ ከማስተያየት በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መመለስ፣ ሁለት ነጥብን በክፍተት መተካትና የግእዝ አኃዞችን ማስማማት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ ወጥመድ አለ፤ እርሱም የዘመን አቆጣጠር ነው። አንድ መጣጥፍና አንድ መጽሐፍ ቃል በቃል ሲመሳሰሉ ማን ከማን እንደቀዳ መጠየቅ ግድ ነው፤ መጽሐፍም ከድረ ገጽ ሊቀዳ ይችላልና። የእያንዳንዱ ገጽ የለውጥ መዝገብ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጨመረ ያሳያል፤ ቀኑ ግን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። መጽሐፉ «2003» የሚል ዓመት ቢይዝና የለውጥ መዝገቡ «2009» ቢል፣ ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው መጽሐፉን በስድስት ዓመት ቀዳሚ ያደርገዋል። 2003 ዓ.ም. ግን እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2010 እስከ ሴፕቴምበር 2011 ያለው ጊዜ ነው። ቀዳሚው ገጹ ነው፤ ምንጭ ሳይጠቅስ የቀዳውም መጽሐፉ ይሆናል። ይህን ሳያጣሩ የራስን ገጽ መደምሰስ ባለቤቱን በሌባ ምስክርነት እንደ መክሰስ ነው።

አራተኛውና አስቸጋሪው ቃላትን በተመሳሳይ ቃላት የመተካት ዘዴ ነው። ለማሳያ ይሆን ዘንድ ለዚህ ጽሑፍ ብቻ የተቀናበረ ዐረፍተ ነገር እንውሰድ፦

ምንጭ፦ «ማለዳ ከባሕር ዳር የተነሣች ጀልባ ውኃውን እየሰነጠቀች ዘጌ ስትደርስ፣ ጥቅጥቅ ያለው የቡና ደን የቤተ ክርስቲያኑን ክብ ጣሪያ ከእንግዳ ዓይን ሸሽጎ ይቆያል።»

የተሸፋፈነ ቅጂ፦ «ጠዋት ከባሕር ዳር የወጣች ጀልባ ውኃውን እየቀደደች ዘጌ ስትገባ፣ የተጠጋጋው የቡና ጫካ የቤተ መቅደሱን ክብ ክዳን ከጎብኚ እይታ ደብቆ ይጠብቃል።»

ዳግም ጽሕፈት፦ «ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት፣ በቡና ደን የተሸፈነ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ክብ ቅርጽ ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት በደኑ ውስጥ ይገኛሉ።»

በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ብዙ ቃላት ተለውጠዋል፤ ሆኖም ሥዕሉ፣ የሐሳቡ ቅደም ተከተልና የዐረፍተ ነገሩ አካሄድ አልተነኩም። ልብሱ ተቀየረ እንጂ ሰውየው ያው ነው። ሦስተኛው ከእውነታው ብቻ ተነሥቶ ለመድብለ ዕውቀት በሚስማማ ቃና ተጽፏል። ያም ቢሆን ምንጩን መጥቀስ አይቀርለትም።

5. በኅብረት ጽሕፈት ላይ የሚደርሰው ጉዳት

አንድ ሰው ብቻውን በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ጥሰት ቢገኝ ዕዳው የዚያ ሰው ነው። በኅብረት ጽሑፍ ግን ጉዳቱ ወደ ንጹሐን ይዛመታል። በምሳሌ እንየው። የመጀመሪያው ጸሐፊ ስለ አንድ ደሴት ገዳም አሥር አንቀጽ ከመጽሐፍ ገልብጦ ለጠፈ እንበል። በሁለተኛው ዓመት አንዲት መምህርት በአንቀጾቹ ውስጥ የነበረ የዓመተ ምሕረት ስሕተት አረሙ። በሦስተኛው ዓመት ሌላ ጸሐፊ ስለ ሐይቁ ዓሣና ስለ ታንኳ ሥራ ሁለት አንቀጽ ከራሱ ንባብ ጨመረ። በአምስተኛው ዓመት ጥሰቱ ተገለጠ።

የተለመደው ማረሚያ ገጹን ከጥሰቱ በፊት ወደነበረው ንጹሕ ይዞታ መመለስ ነው፤ ከጥሰቱ በፊት ምንም ካልነበረ ገጹ በሙሉ ይደመሰሳል። እንግዲህ የመምህርቷ እርማትና የሦስተኛው ጸሐፊ ሁለት አንቀጾች ከገልባጩ ሥራ ጋር አብረው ይሄዳሉ። ጥሰቱ በሳምንቱ ቢገኝ ኖሮ የሚጠፋው የገልባጩ ልጥፍ ብቻ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን የሚጠፋው የንጹሐን ድካም ሆነ።

ይህ ኪሳራ በትልልቅ ቋንቋዎች ያን ያህል ላይሰማ ይችላል። አማርኛ ውክፔዲያ ግን መጣጥፎቹ 15 ሺህ ገደማ፣ አስተዳዳሪዎቹም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለ አንድ ገዳም ያለው ብቸኛ የአማርኛ ገጽ ሲደመሰስ አንባቢው የሚሄድበት ሌላ ገጽ የለም። «ስለዚህ ዝም ይባል» የሚለው ፈተና የሚመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን ዝምታው ዕዳውን ያሳድገዋል፤ ቆይቶ የሚታረም ጥሰት ይዞት የሚሄደው የሌላ ሰው ሥራ ይበዛልና።

6. የማረሚያው ሥርዓት

ከላይ ከተባለው በመነሣት፣ በእንግሊዝኛ ውክፔዲያ የዳበረውን ልማድ ለአማርኛ በሚመች መንገድ እንደሚከተለው ማደራጀት ይቻላል።

አንደኛ፣ ማጣራት። ምንጩና ገጹ ጎን ለጎን ይነበቡ፤ ዘመናቱ ወደ አንድ አቆጣጠር ይመለሱ፤ ምንጩ መብቱ ያለፈበት ወይም በነጻ ፈቃድ የተለቀቀ እንደሆነም ይታይ። ከሌላ ቋንቋ ውክፔዲያ የተተረጐመ ከሆነ ጥፋቱ ቀላል ነው፤ በለውጥ መዝገቡ ላይ የመጣበትን ገጽ መጥቀስ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ መሸፈን። ጥሰቱ ግልጽ ሆኖ የሚድን ነገር ከሌለ ገጹ ወዲያው ይደምሰስ። አጠራጣሪ ከሆነ ወይም ሊድን የሚችል ክፍል ካለው ጽሑፉ በማስታወቂያ ተሸፍኖ አንድ ሳምንት ያህል ይቆይ። አንባቢ የተገለበጠውን አያይም፤ አራሚዎች ግን ለመሥራት ጊዜ ያገኛሉ።

ሦስተኛ፣ ማሳወቅ። ለለጠፈው ሰው በትሕትና ይጻፍለት፤ ጥፋቱ የቱ ላይ እንደሆነና እንዴት እንደሚታረም ይነገረው። ለጣፊው የመጽሐፉ ደራሲ ራሱ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ባለመብትነቱን በኢሜይል አረጋግጦ ፈቃዱን መስጠት ይችላል። «ለውክፔዲያ ብቻ ፈቅጃለሁ» ማለት ግን አይበቃም፤ ፈቃዱ ማንም ሰው ለንግድም ጭምር እንዲጠቀምበት የሚፈቅድ መሆን አለበት። ደራሲው ይህን ተረድቶ ቢተወው መብቱ ነው።

አራተኛ፣ ማዳን። ከቅጂው ጋር ያልተቀላቀሉ የሌሎች ጸሐፊዎች አንቀጾች ከነስማቸው ይለዩ። በተገለበጠው ዐረፍተ ነገር ውስጥ የገባ እርማት ግን ከነዐረፍተ ነገሩ ሊድን አይችልም፤ የሚድነው እውነታው ነው። የመምህርቷ ትክክለኛ ዓመተ ምሕረት በአዲሱ ጽሑፍ ውስጥ ይግባ፤ በለውጥ መዝገቡም ላይ ስማቸው ይጠቀስ።

አምስተኛ፣ እንደ አዲስ መጻፍ። ይህ የሥርዓቱ ልብ ነው። ጸሐፊው ቢያንስ ሁለት ምንጮችን ያንብብ፤ እውነታዎቹን በአጭር በአጭሩ በማስታወሻ ይያዝ፤ ከዚያ መጻሕፍቱን ዘግቶ ከማስታወሻው ብቻ በሌላ ገጽ ላይ ይጻፍ። በተገለበጠው ጽሑፍ ላይ እየቀጠሉ ቃላትን መለዋወጥ የተሸፋፈነ ቅጂን ብቻ ያፈራል።

ስድስተኛ፣ መዝጋት። አዲሱ ጽሑፍ ሲተካ የተገለበጠው በለውጥ መዝገቡ ውስጥ እንዳይነበብ አስተዳዳሪው ይሸሽገው፤ ከፊት ገጽ የጠፋ ጽሑፍ በመዝገቡ ውስጥ ከተነበበ አሁንም እየተሠራጨ ነውና። የዚያው ሰው ሌሎች ልጥፎችም ይታዩ። አንድ ቦታ የገለበጠ በሌላም ቦታ ገልብጦ ሊሆን ይችላል።

7. ማጠቃለያ

የተገለበጠ ጽሑፍን የማረም ሥራ ከቅጣት ይልቅ ወደ ጥገና ያደላል። ባለመብቱን መካስ፣ ንጹሑን ጸሐፊ ከኪሳራ ማዳንና አንባቢውን ያለ ገጽ አለማስቀረት ሦስት ዓላማዎች ናቸው፤ ሦስቱን አንድ ላይ የሚያስማማው ፈጥኖ ማግኘትና እንደ አዲስ መጻፍ ነው።

ለዚህ ሥራ ባሕር ዳር የተመቸች ናት። ሶፍትዌር የማያገኛቸውን መጻሕፍት በእጃቸው ይዘው ከገጽ ጋር ሊያስተያዩ የሚችሉ መምህራንና ተማሪዎች አሉባት፤ ስለሚጻፈው ሐይቅና ስለ ገዳማቱም ከዓይን ምስክር ማጣራት ይችላሉ። ለተማሪዎች በቡድን አንድ የተጠረጠረ ገጽ እየሰጡ ምንጩን እንዲያጣሩና እንደ አዲስ እንዲጽፉ ማድረግ የምንጭ አጠቃቀምን ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ በተሻለ ያስተምራል። ቁም ጸሐፊው ቃሉን በመገልበጥ መጽሐፉን አዳነ፤ የዘመናችን ጸሐፊ ዕውቀቱን የሚያድነው በራሱ ቃል ሲጽፈውና ያገኘበትን ሰው ስም ሳይደብቅ ሲጠራ ነው።